ሦስተኛ ወገን

ከመንገድ ትራንስፖርት በር፣ ከግንቡ ጥግ ሥር፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ አንድ እግሯ የሚያጥር፤
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ገጹን በሃያ ብር።
የጠባሴ ነፋስ ወረቀት ሲነጥቅ፣
በድንጋይ አፍናለሁ ቴምብሩ እንዳይወድቅ።

ኅዳር ነው፤ ማለዳ፤ ውርጩ ሣር አንጥቷል።
«መኪና ገዝቻለሁ» አለች፤ «ምን ይጻፋል?»
ስሟ ኢኽላስ ነው፤ ኢኽላስ አልጣይብ በሽር፤
የካርቱም ሰው ናት፤ በመተማ በር
ገብታ፣ እዚህ ፋርማሲ ኪኒን የምትቆጥር።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት፣ የቅቤ ቀለም ያላት፤
ደላላው ሸዋንግዛው «አንድ ዶክተር ነው የነዳት፤
ከቤት ቤተስኪያን እንጂ ሌላ መንገድ አታውቅም»
ብሎ የማለላት።
(አውቃታለሁ እኔ። ከመሐል ሜዳ በግ
ስታመላልስ ኖራ፣ የኋላ ወንበሯ
ዛሬም በግ በግ ይላል።)

ውል ማዋዋያ ሄድን። «የአያት ስም?» ነገረች።
«የእናትስ?» ነገረች።
«የቤት ቁጥር፣ በፊት የነበርሽበት?» ዝም አለች።
ኋላ፣ «ባሕሪ፣ ወንዙ ዳር ነው» አለች፤ «ቁጥሩን
ረስቼው አይደለም፤ በሩ የለም አሁን።»

በዓመተ ምሕረቱም ትንሽ ተጨቃጨቅን፦
ሊብሬው የፈረንጁን፣ ጸሐፊዋ የእኛን
ስታነብ፣ መኪናዋ በሰባት ዓመት አንሳ
ተወለደችልን።
«እኔንም እንደሷ ጻፉኝ» ብላ ሳቀች።

ስሟ ላይ ግን ሳቋን መልሳ ዋጠች።
አንዱ ወረቀት «ኢክላስ»፣ ሌላው «ኢህላስ» አላት፣
ሦስተኛው ጭራሹን «ኢላስ» ብሎ ጠራት፤
ለአንዲት አሮጌ ዲኤክስ ሦስት ባለቤት!
እኔ የመንዝ ልጅ፣ «ኸዚህ»ና «ኸዚያ» እያልኩ ያደግኩ፣
አዲስ አበባ፣ ክፍል ውስጥ፣ በሳቅ የተቀጣሁ፣
ብድግ አልኩ።
«ኸ ናት! ሳድሷ ኽ! እኛ ጋ ሞልታለች።»
ጸሐፊዋ ፊደሏን ስትፈልግ ቆይታ
ከቁልፎቹ መሀል ጥግ ላይ አገኘች።

ከዚያ መድን ቤት። ወይዘሮ አስካለ፣
በጋቢዋ ላይ ጋቢ፣ መነጽሯን ገፍታ፣
ለስንት ሰው እንዳለችው፦ «አንደኛው አንቺ ነሽ፤
ሁለተኛው እኛ፤
ሦስተኛ ወገን የሚባል ከውሉ የሌለ፣
ያልፈረመ፣ ያልከፈለ፣
መንገድ ሲሻገር አጉል ያገኘሽው መንገደኛ።»

ብዕሩን ያዘች። አልፈረመችም።
«እኔ ነኝ» አለች።
«ምኑ?»
«ሦስተኛው ወገን።
ሁለቱ ሲታኮሱ በእኛ ሰፈር በኩል፣
ዳቦ ይዤ እሻገር ነበር።
የመጣ መርማሪ የለም። ማመልከቻውንም
የቱ ቢሮ እንደሚቀበል የነገረኝ የለም።»
ወይዘሮ አስካለ ማኅተሟን እንዳነሣች
በአየር ላይ ቀረች።
እኔ፣ ማመልከቻ ጽፌ የማድር ሰው፣
ለማን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ፦ «ለክቡር...» ማን?

ፈረመች። ከቀኝ ጀምራ፣ ወደ ግራ።

ቁልፉን ሲያስረክቧት ቀለበት አወጣች፤
ሌላ ቁልፍ አለበት። አልጠየቅኋትም።
«ሂዩንዳይ ናት» አለች። «ነዳጅ ሞልቼባት ነበር።»

ታርጋው «አማ» ይላል፤ አዲስ ነው፣ ያበራል።
ቦሎው ግን እንቢ አለ፤ መስታወቱ በርዶ
ስንለጥፈው ይወድቃል።
መዳፏን ጣል አደረገች፣ እዚያው መስታወት ላይ፣
የልጅ ግንባር ትኩሳቱን እንደሚያይ፤
ቆየች፤ ቆየች፤ ያዘ።

ሂሳቤን አሰብኩ፤ አራት ገጽ፣ ሰማንያ ብር፤
ሦስቱ በተሳሳተ ስም የተጻፉ ነበር፤
የአንዱን ተቀበልኩ።

ሞተሩ አልነሣ አለ። «ብርዱ ነው!» አለ ሸዋንግዛው፤
እኔ ግን ባትሪውን ጠረጠርኩት፣ ደላላውንም አብሬው።
ገፋናት። እሱ፣ እኔ፣ አስካለ ጋቢዋን አደግድጋ፣
ደግሞ አንድ ሰው፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣
ጫማውን ጭቃ እየነካው፤
ቁልቁል፣ ወደ በሬሳ፣
እያሳለች፣ እያሳለች፣ ድንገት ጢሷን ለቃ፣
ሄደች ተነሥታ።